ማደጊያ የሌለው ልብስ

ደብረ ታቦር ውስጥ ልጅ በልኩ አይለብስም። ሃያ ምናምን ዓመት በልብስ ስፌት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ በድፍረት እናገራለሁ። እናት ልጇን እየጎተተች ትመጣለች፤ ለክቼ መቀሱን ሳነሣ «ኧረ ማደጊያ ተውለት እንጂ!» ትለኛለች። ስንት ልተው? «ለሁለት ዓመት የሚሆነውን ነዋ!» እሺ ብዬ እተዋለሁ። ልጁ መስከረም ላይ አዲሱን ዩኒፎርም ለብሶ ሲወጣ እጅጌው ጣቶቹን ውጧቸው፣ ሱሪው ሦስቴ ታጥፎ ነው። ልብሱ ልኩ የሆነ ቀን ደግሞ ጉልበቱ ተበልቷል። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ አዲስም ልክም የሆነ ልብስ አንድ ቀን ሳይለብስ ያድጋል። በዚህ ያዘነ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔም አላዘንኩም፤ የጨርቁ ባለቤት እነሱ፣ እኔ ምን አገባኝ!

ያገባኝ ከባለቤቴ ጋር በስልክ የተጣላን ቀን ነው።

ባለቤቴ ወደ ዓረብ አገር የሄደችው ልጃችን ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆናት ነበር። በሁለት ዓመት እመለሳለሁ ብላ ሄደች፤ ኮንትራቱ አለቀ፣ ታደሰ፣ ደግሞ ታደሰ። ልጅቱ ከእኔና ከእናቴ ጋር ቀረች። ከፊት ሱቄ ነው፣ ከኋላ መኖሪያችን። እናቴ ጉና ተራራ ሥር ያለውን ቤቷን፣ ገብሷንና በጎቿን ትታ ከተማ የገባችው ለዚችው ልጅ ብላ ነው፤ ይህንንም በቀን አንዴ ሳታነሣብኝ አትውልም።

ያን ቀን ባለቤቴ ስልክ ደወለችና «ልጄን ካየኋት ስንት ጊዜዬ» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው? ባለፈው ሳምንት ፎቶ ልኬልሽ የለም እንዴ?»

«እሱማ ልብስ ነው። አንተ የምትልክልኝ ልብስ ነው። ከላይ ትንሽ ፊት፣ ከታች ሁለት ጫማ፣ መሐሉ ሁሉ ሹራብ። ልጅቱ የታለች?»

«ልብስ ሰፊ አግብተሽ ልብስ በዛ ትያለሽ?» አልኳት፤ ቀልድ መስሎኝ ነው። አልሳቀችም። ሕልሟ ላይ ልጅቱ አሁንም የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ሆና እንደምትመጣባት ነገረችኝ። ስድስት ሊሞላት ነው ብላ ለራሷ እየነገረች ትተኛለች፤ ሕልሙ ግን አይሰማትም። እንዲህ ስትለኝ ተናደድኩ። ሰው የሚመልሰው ሲያጣ ይናደዳል መቼም፤ እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ እብሳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ደግማ ደወለች። እዚያ የምትሠራበት ቤት ያሉትን ሦስት ልጆች ልደት በየዓመቱ የምታሰናዳው እሷ ናት፤ ኬኩን የምትጋግር፣ ሻማውን የምትሰካ። ለራሷ ልጅ አንዴ እንዳከብርላት ፈለገች። ወደ አገር የምትመለስ የእብናት ልጅ አግኝታ ጨርቅ ሰድዳለች። «ከላይ የሚለበስ ነገር ስፋላት። ይኸውልህ፣ በእመቤቴ ብዬሃለሁ፣ ማደጊያ እንዳትተው። ልኳን ስፋ። የምታህለውን ታህልና ልያት» አለችኝ።

እሺ አልኩ። ምን ይባላል ሌላ? አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም፤ ባትጠይቀኝም ታውቀዋለች። የገዛ ልጄን አንድ ቀን ለክቻት አላውቅም።

ከእሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረን። ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ በክረምት፣ ትኩሳት ይዞት በአራተኛው ቀን አረፈ። ሣጥኑን የሚሠራው አናጢ ጎረቤታችን ነበር፤ በር ላይ መጥቶ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ልኩን ብቻ ንገረኝ» አለኝ። ሜትሩ እንደ ልማዴ አንገቴ ላይ ነበር። አውርጄ ለካሁት። ሰባ አንድ። የስንቱን ሰው ልክ ረስቻለሁ፣ ይቺ ቁጥር ግን አልወጣ አለችኝ። እናቴ ለልቅሶው መጥታ ኖሮ በሩን ተደግፋ ስለካው አየችኝ። ልጅቱ ስትወለድ መጀመሪያ የተናገረችው «ይኼ ገመድህ እዚች ልጅ ላይ እንዳያርፍ! ሰምተሃል?» የሚል ነው። ሰምቻለሁ አልኩ። ሰው ሲሰማኝ በእናቴ አሳብባለሁ፤ እውነቱን ከተናገርኩ እኔም ፈርቼ ነበር። ስለዚህ የልብስ ሰፊ ልጅ ሆና ከሰልባጅ ተራ በዓይን ግምት እየተገዛላት፣ ሰፋፊ እየለበሰች አደገች።

ጨርቁ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ቢጫ ነው፣ ለስላሳ፣ ሲስቡት የሚለጠጥ፣ ሲለቁት የሚሰበሰብ። እንዲህ ያለ ጨርቅ ለብሻለሁ እንጂ ሰፍቼ አላውቅም። የእኔ ሥራ ካኪ ነው፣ ቴትሮን ነው፣ የተበላሸ ዚፕ መቀየር ነው። ካኪ እንደቆረጥከው ይቀመጣል። ይኼ ግን መቀሱ ከመንካቱ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ጠመኔ አይቀበልም፣ መኪናው ላይ ስታሳርፈው ይሳብና እንደ ማዕበል ሆኖ ይወጣል። «ምን ይሉት ጣጣ ነው!» እያልኩ ሁለት ቀን ቁርጥራጩን ስፈትን ዋልኩ። በኋላ ከሰልባጅ ተራ አንድ አሮጌ ካናቴራ ገዝቼ ስፌቱን በምላጭ ፈታሁትና እንዴት እንደተሠራ እንደ ተማሪ ተቀምጬ አጠናሁ። ከጨርቁ በታች ጋዜጣ ደርቦ ሰፍቶ ጋዜጣውን ኋላ መቅደድ እንደሚረዳ ያወቅሁት በራሴ ነው፤ በዚህ ትንሽ ኮርቻለሁ።

ልኩን ከየት ላምጣ? አሮጌ ሹራቧን ሰረቅሁ። ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አውርጄ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ፣ ዙሪያውን በጠመኔ አነሣሁ። እንዴት ያለ ብልህ ነኝ አልኩ በሆዴ። ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ፣ ጠራኋት። ልጅቱ ከላይ ደረብ አደረገችውና ወደ ታች አየች። ጉልበቷ ድረስ ወርዷል። «አባዬ፣ ይኼ የእምዬ ነው?» አለችኝ። እምዬ የምትላት እናቴን ነው።

ያን ጊዜ ነው ጅልነቴ የታየኝ። ሹራቧ ለማደጊያ ተብሎ የተገዛ ነው፤ ቀሚሷም፣ ጃኬቷም፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ልብሷ ሁሉ እንደዚያው። የምታህለውን የሚናገር አንድ ክር በቤቱ የለም። በዓይኔ ልገምት ብዬ አየኋት፤ ዓይኔ መቼም አይስተኝም፣ ከመንገድ ማዶ ያለን ሰው የወገብ ቁጥር እነግርሃለሁ። የእሷን ግን አልያዘልኝም። ለካ እኔም እንደ እናቷ ልብሱን ነበር የማየው። ይህ ነገር ከልቤ አሳፈረኝ።

ደግነቱ የሰፋ ልብስ ይጠብባል። ፈታሁትና በግምት ደግሜ ቆረጥኩ፣ አሁንም በግምት ሰፋሁ። ስትለብሰው ጭንቅላቷ አንገቱ ላይ ተቀረቀረ፤ ስትታገል ስፌቱ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ጨርቁ ይለጠጣል፣ የእኔ ስፌት ግን አይለጠጥም፤ ክሩን እንደ ካኪ አጥብቄዋለሁ። ከውስጥ ሆና ትስቃለች። «አባዬ፣ ልቅር ወይስ ልውጣ?» እኔ ግን አልሳቅሁም። የቀረኝ ጨርቅ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ከዚህ በኋላ ግምት የለም።

ፍልሰታ ገብቷል። እናቴ በየቀኑ ልጅቱን ይዛ ለቅዳሴ ትሄዳለች፣ ታስቆርባታለች። አንድ ቀን ግን ልጅቱ ቆሎ ስትቀምስ ተያዘች። እናቴ «እሰይ! በይ ከአባትሽ ጋር ዋይ» ብላ ተቆጥታ ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ወጣች። ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ ጉና አይታይም፣ ሱቁ ውስጥ ሰው የለም። ልጅቱ ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

«ነይ እስቲ ቁሚ» አልኳት።

የሜትሩን ጫፍ ሳነሣ ገና ምንም ሳልላት ተነሥታ ሁለት እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋች። ልክ ደንበኞቼ እንደሚያደርጉት፤ አገጯን ቀና፣ ትንፋሿን ያዝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያ በርጩማ ላይ ሆና ሰው ሲለካ ስታይ ኖራለች ለካ። «እኔንስ መቼ ነው የሚለካኝ እል ነበር» አለችኝ።

ደረት ለመለካት እጅን በጀርባ አዙሮ ማምጣት ግድ ነው። በሺህ ሰው ላይ አድርጌዋለሁ፤ ሰውየውን ሳላይ፣ ቁጥሩን ብቻ እያየሁ። ያን ቀን ሜትሩን ሁለት ጊዜ ጣልኩት። ሃምሳ ስድስት። እጅጌዋ ሠላሳ ስምንት። ቁመቷን ለመለካት ስጎነበስ ግን ከትከሻዋ በላይ መሄድ አቃተኝ፤ ከራስ እስከ እግር የለካሁት ወንድሟን ነው። ተውኩት። ለልብሱም አያስፈልግም።

እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ልጅቱ በሩ ላይ ጠበቀቻት፤ «እምዬ! አባዬ ለካኝ! ሃምሳ ስድስት ነኝ!» በስመ አብ! እናቴ ቀስ ብላ ነጠላዋን አወረደች። እኔን አላየችኝም። ከቤት ጠበል አምጥታ የልጅቱን ፊት፣ ደረት፣ ጀርባ ረጨች፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እራት እንኳ በልጅቱ በኩል ነው «አባትሽን ብላ በይው» የተባልኩት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱንም ቀን ልጅቱ ባስነጠሰች ቁጥር ሥራዬን ጥዬ ግንባሯን እዳስስ ነበር፤ እናቴም ከጓዳ ጆሮዋን ታቀናለች።

ልጅቱ ምንም አልሆነችም። እኔም ሰፋሁ። በዚህ ጊዜ ጨርቁን በእጄ ትንሽ ትንሽ እየሳብኩ፣ ክሩን አላልቼ፣ አንገቱን ለብቻ በእጥፍ አድርጌ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ሰፍቼ አላውቅም።

የተወለደችው የቡሄ ዋዜማ ነው። እናቴ፣ ገና ሳንኳረፍ፣ ልደት የሚባል ነገር ሲነገራት «ልጅ የተወለደችው ክርስትና የተነሣች ቀን ነው» አለች፤ ኬክ ሲባል ደግሞ «በፍልሰታ? እንቁላል? ቅቤ? እናንተስ አበዳችሁ!» እሺ፣ ኬኩ ቀረ፤ ለቡሄ የሚጋገረው ሙልሙል ኬክ ሆነ። ማታ ማታ ጅራፍ ይጮኻል፣ ልጆች በየደጁ ይጨፍራሉ። ልጅቱ «ለእኔ ልደት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከተማው ሁሉ እንዲጨፍርላት ያደረግሁ አባት ሆንኩ፣ ምን ይጎዳኛል?

ቢጫውን ለበሰች። አንገቱ ያለ ትግል ገባ። እጅጌው አንጓዋ ላይ ቆመ፣ ወገቡ ወገቧ ላይ አረፈ። ወይ ጉድ! ልጅ ወጣች። ቀጭን፣ ረዥም አንገት ያላት፣ ትከሻዋ ከእናቷ የተቀዳ ልጅ። ይቺን ልጅ አላውቃትም ነበር። ስልኬን ላነሣ ስል እናቴ ከኋላ መጥታ ጋቢ አለበሰቻት። «ብርድ ነው፤ ልትገላት ነው እንዴ?» ሁለት ቀን ዝም ብላ የተናገረችው ይህን ነው።

«እማዬ፣ ለአንድ ደቂቃ። ለእናቷ ነው።»

እናቴ ልጅቱን አየቻት፤ ብዙ አየቻት። «አጥንቷ የምራቴ ነው» አለችና ጋቢውን ራሷ አወለቀችላት። ፎቶውን አነሣሁ።

ላክሁት። የዚያን ዕለት መልስ የለም፣ የማግስቱም የለም። በሦስተኛው ቀን ደወለች። ስለ ስፌቱ አንድ ቃል አላለችም፤ እኔ ደግሞ ሰው ሥራዬን እንዲያደንቅልኝ እወዳለሁ። «ቁጥሩን ንገረኝ» አለችኝ። «የደረቷን። ለክተሃታል አይደል?»

«ሃምሳ ስድስት።»

«ድገመው።»

ደገምኩት። ስትጽፍ ሰማሁ፤ ከዚያ ከሩቅ አሠሪዋ ስትጠራት ሰማሁ። «ሃምሳ ስድስት» አለችና ዘጋችው።

ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ። ጥር ላይ በባሕር ዳር አድርጋ መጣች። ሁለት ሻንጣ ይዛለች፤ አንደኛው ሙሉ በሙሉ የልጅቱ ነው። ልጅቱ ስምንት ዓመት አልፏታል። እናቷ ከሚኒባሱ ወርዳ እጇን ስትዘረጋ ልጅቱ የእናቴን ቀሚስ ይዛ ከኋላዋ ቆመች። ቤት ስንገባ እንደ እንግዳ «ይቀመጡ» ብላ በርጩማ አቀረበችላት። ባለቤቴ ተቀመጠች። እኔ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

ሻንጣውን ከፈተች። አቤት ልብስ! ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ካናቴራ፣ ጃኬት፣ ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም ከነላስቲኩ። የመጀመሪያውን ልጅቱ በራሷ ላይ ሞከረች፤ ትከሻዋ ላይ ቆመ። ሁለተኛው ቁልፉ አልገጥም አለ። ሦስተኛውን ገና ሳየው አውቄዋለሁ፤ ሙያዬ ነው። ሃምሳ ስድስት። ሁሉም ሃምሳ ስድስት ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየሱቁ፣ ባለሱቆቹን ሜትር እያስወጣች፣ ያቺን ቁጥር ይዛ ስትገዛ ኖራለች።

«ሁለት ዓመት አለፈ እኮ» አልኳት። «ማደጊያ አትተይም ነበር?»

አፌን በቆረጠው! የሃያ ዓመት ልማድ ነው ያናገረኝ።

«በምን ልገምት?» አለች። ጮክ ብላ አይደለም። «ያየኋት እስከዚያ ድረስ ነው።» ልብሱን አንድ በአንድ እያጠፈች ወደ ሻንጣው መመለስ ጀመረች፤ በደንብ፣ ጠርዝ በጠርዝ፣ የሰው ቤት ልብስ እንደምታጥፍ አድርጋ። ልጅቱ ከእናቴ ኋላ ሆና የሚታጠፈውን ታያለች።

እናቴ ናት የተነሣችው። ወደ እኔ መጣችና ሜትሩን ከአንገቴ ላይ ሳበች። ስምንት ዓመት «ይኼ ገመድህ» እያለች ልትነካው ያልፈለገችውን ሜትር በሁለት ጣቷ ይዛ ለባለቤቴ ሰጠቻት። ልጅቱንም ከኋላዋ አውጥታ መሐል ወለሉ ላይ አቆመቻት።

«በይ ለኪያት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!» አለቻት።

ልጅቱ ሜትሩን ስታይ የምታውቀው ነገር ነውና እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋች፤ አገጯን ቀና፣ ትንፋሿን ያዝ። ባለቤቴ ተንበረከከች። ሜትሩን በጀርባዋ አዞረችና ጫፍና ጫፉን ደረቷ ላይ አገጣጠመች። እኔ እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አንሥቼ ቁጥሩን ጠበቅሁ።

«ስንት ሆነ?» አልኩ።

ባለቤቴ ግንባሯን ልጅቱ ደረት ላይ አስደግፋለች፤ ቁጥሩን እያየች አይደለም። ልጅቱ እጆቿን እንደዘረጋች ቆየች፣ ቆየች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ እናቴን። «እጄን ደከመኝ» አለች። እጆቿ ቀስ እያሉ ወረዱና ሌላ ማረፊያ ስላልነበራቸው እናቷ ትከሻ ላይ አረፉ።